የጋሽ ታፈሰ በገና

ጋሽ ታፈሰ «ይሄን ለኔ ተወው» ያለ ዕለት ሰው አገር ጥሎ መሸሽ አለበት። እኔ ደግሞ አገር ጥዬ ዙሪክ ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ወዴት ይሸሻል? ስለዚህ ተውኩለት። የተውኩለትም ነገር እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። ትዳሬ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ጄኔቭ የምትኖር የሺ የምትባል ልጅ ወድጄ ነበር። እሷም ወዳኛለች፤ በዚህ በኩል ጣጣ የለም። ጣጣው አክስቷ እትዬ አሰገደች ናቸው። የየሺ ወላጆች አዲስ አበባ ናቸው፤ ዘመኑም የደርግ ስለሆነ ከውጪ የሚላክ ደብዳቤ ተከፍቶ ተነብቦ ነው የሚደርሰው። «ልጃችሁን ለትዳር እሻለሁ» ብዬ ብጽፍ ከአባቷ በፊት የሚመርቀኝ ቀበሌው ነው። ስለዚህ ልጅቷን የመስጠትም የመንሳትም ሥልጣን ተጠቅልሎ እትዬ አሰገደች እጅ ገብቷል። እሳቸውም ሥልጣንን ቀለል አድርገው የሚይዙ ሴት አይደሉም።

ከኔ በፊት ሎዛን የሚኖር አንድ መሐንዲስ ጠይቆ ነበር። ሥራ ያለው፣ መኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ መኪና ያለው። እትዬ አሰገደች ቤቱን ሊያዩ ሄዱና ውኃ ልጠጣ ብለው ፍሪጁን ሲከፍቱ በሁዳዴ መካከል እርጎ አገኙ። ልጁ «የኔ አይደለም» ቢል፣ «ታዲያ ማን ረስቶት ሄደ?» አሉትና ውኃውንም ሳይጠጡ በመጡበት ባቡር ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር ስዊስ አገር ተቀምጦ ከወተት መጾም ወንዝ ዳር ተቀምጦ ከውኃ እንደ መጾም ነው። ይሄን ለእትዬ አሰገደች የሚነግር ጀግና ግን ገና አልተወለደም።

የኔ ተራ የደረሰው በሚቀጥለው ሁዳዴ ነው። የሺ ስልክ ደወለች። «እትዬ ቅዳሜ ትመጣለች። ቤትህን ታያለች፤ ከዚያ የምትስመውን ቤተ ክርስቲያን አሳየኝ ትልሃለች። ብዙ አታውራ። ፍሪጅህን አጽዳ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ደረጀ ቃል እንዳይወጣህ» አለችኝ።

ደረጀ የእትዬ አሰገደች አንድያ ልጅ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ሞተም አለም የሚል ወሬ አልተሰማም። እትዬ አሰገደች አገር ከለቀቁ ጀምሮ ስሙን አንስተው አያውቁም። ሌላ ሰው ሲያነሳው ደግሞ ነጠላቸውን ሰብስበው ይወጣሉ።

እኔን ያስጨነቀኝ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በዚያን ጊዜ ዙሪክ ውስጥ የኛ ቤተ ክርስቲያን የለም። እኔ ግን በፍቅር ሞቅታ ለየሺ «እሑድን ሳልስም አልውልም» ብያት ነበር። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። አፎልተርን ካለው ቤቴ ወጥቼ ስንሸራሸር ያገኘሁትን የስዊሶች ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ከመንገድ ማዶ ሆኜ እሳለማለሁ። ይሄ ግን ለእትዬ አሰገደች ዓይን የሚሞላ አይደለም።

ሽማግሌም ያስፈልገኝ ነበር። ዙሪክ የነበርነው አበሾች ጥቂት ነን፤ ጥቂቶቹም በፖለቲካ ተኳርፈን አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ከሁሉም ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ጋሽ ታፈሰ ብቻ ነው፤ እሱም የሚነጋገረው ሌላው ሲናገር ስለማይሰማ ነው። አዲስ አበባ የመምሪያ ኃላፊ ነበር፤ እዚህ መጋዘን ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ወጥቶ ረገንስዶርፍ ይኖራል። «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። መንገድ ጠፍቶት እንኳ ለሌላ ሰው መንገድ ያሳያል። ምን ላድርግ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

«ቤተ ክርስቲያኑን ለኔ ተወው» አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ትኬት ይዞ መጣ። ላንግሽትራሰ የሚባለው ሠፈር በርበሬ ፍለጋ ሄዶ አንድ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ አይቷል። ጥቁር ሽማግሌ፣ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባለ ክር መሣሪያ ደረቱ ላይ አስደግፎ ይታያል። ከሥሩ የቤተ ክርስቲያኑ ስምና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚል ተጽፏል። ወንጌል የሚል ቃልም አለበት።

«ሌላስ ምን ይላል?» አልኩት።

«ወንጌል ካለ ሌላ ምን ቀረ? እኔ ልጠይቅህ። በሁዳዴ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ክር የሚመታ ሽማግሌ ምን ይባላል?»

«በገና ደርዳሪ» አልኩ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ።

«እንግዲህ» አለ ጋሽ ታፈሰ፣ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ።

የበገና ክር አሥር ነው፤ የዚያ ማስታወቂያ መሣሪያ ስድስት ክር እንዳለው ባይ እንኳ አንድ ነገር ይገባኝ ነበር። ግን የተጨነቀ ሰው ክር አይቆጥርም። በኋላ ስጠይቀው ጋሽ ታፈሰ አይቶት ኖሯል። «የውጪ አገር በገና ስለሆነ ነው» ብሎ አልፎታል።

ቅዳሜ ደረሰ። እትዬ አሰገደች ከወፍራም ካፖርት በላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ባቡር ጣቢያው ወረዱ። ቤቴን አዩ፤ አልጋዬን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፤ ከዚያ ውኃ ልጠጣ አሉ። ፍሪጁን ከፈቱት። ካሮት፣ ጎመን፣ እንደገና ካሮት። የጥንቸል ቤት ነበር የሚመስለው። ቀና ብለው አየር ሳብ አደረጉና፣

«አይብህን ለማን ሰጠኸው?» አሉ።

«የምን አይብ እትዬ?»

«ሽታው አለ» ብለው ፍሪጁን ዘጉት። ውኃውን ግን ጠጡ። እኔም ይሄን እንደ በጎ ምልክት ያዝኩት። በዚያ ቀን ያገኘሁት በጎ ምልክት ለረጅም ሰዓት እሱ ብቻ ነበር።

በትራም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። በሩ ላይ አንዲት ወጣት ስዊስ ትኬት ትቆርጣለች።

«ለቤተ ክርስቲያን ትኬት?» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ምጽዋት ነው እመቤቴ» አለ ጋሽ ታፈሰ። «እዚህ አገር አስቀድመው ይቀበሉና ደረሰኝ ይሰጣሉ። ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው።»

እትዬ አሰገደች ደረጃውን ተሳልመው ጫማቸውን አወለቁ። ወደኛ ዞረው እግራችንን ተመለከቱ። እኛም አወለቅን። የመጋቢት ብርድ ነው፤ ድንጋዩ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። የግራ ካልሲዬ ደግሞ ተቀዶ አውራ ጣቴ ወጥቶ ነበር። ከአይብ ስሸሽ ካልሲ ጣለኝ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ በኛ ብቻ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ስዊስን የሚያውቅ ግን እንዲህ አያስብም። ከኋላችን የነበሩ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ሦስት ሰው ያለ አንዳች ማመንታት ጫማ ሲያወልቅ አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ያላነበቡት መመሪያ እንዳለ ገባቸው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ክሩን ፈታ። ከነሱ ኋላ ያሉትም ፈቱ። ትኬት ቆራጯ ልጅ መጀመሪያ «አያስፈልግም» ልትል ሞከረች፤ ሰልፉ ሲበዛባት ግን እሷም ተጠራጠረችና ወደ ታች ጎንበስ አለች። እኛ ገብተን ስንዞር በሩ ላይ የተከመረው ጫማ የጥምቀት በዓል የዋለበት ደጀ ሰላም ይመስል ነበር።

«እግዚአብሔርን የሚፈራ ሕዝብ ነው» አሉ እትዬ አሰገደች። ጋሽ ታፈሰ እኔን አየና ራሱን ነቀነቀ።

ውስጡ ባዶ ግድግዳ ነው። ሥዕል የለ፣ መጋረጃ የለ። እትዬ አሰገደች ዙሪያውን ቃኝተው «ሥዕሉ የት ሄደ?» አሉ።

«ለጾም አንስተውት ነው» አለ ጋሽ ታፈሰ።

«ሥዕል ለጾም ይነሳል?»

«የነሱ ጾም ጥብቅ ነው።»

እኔ በዚህን ጊዜ ከጎን ያለውን ጠረጴዛ አይቼዋለሁ። ለእረፍት ሰዓት ይሆን ዘንድ ቢራ ተደርድሯል፣ ቋሊማ በትልቅ ድስት ይጤሳል። በሁዳዴ፣ በቤተ መቅደስ፣ ቋሊማ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ኮቴን ከፍቼ፣ ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ክንፌን ዘርግቼ በእትዬ አሰገደችና በጠረጴዛው መሀል ቆምኩ። እሳቸው ወደ ግራ ሲያዩ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዩ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ። ሽታውን ለመከላከል ደግሞ ሳል ጀመርኩ። ሳል ሽታን አይከላከልም፤ ግን ሰው ሥራ ሲበዛበት ያገኘውን ነው የሚሠራው።

እትዬ አሰገደች በእርግጥ አልተቀመጡም። ከኋላችን የነበረ ሰው በትህትና እንድንቀመጥ ለመነን። «ፓርዶን ሙሴ» አሉት በጄኔቭ ፈረንሳይኛቸው፣ ቀጥሎም በአማርኛ «በቤተ ክርስቲያን አይቀመጥም»። ሰውየው አንዱንም አልሰማም፤ ግን ጫማውን እንዳወለቀ ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ እሱም ተነሳ። ከእሱ ኋላ ያለው አልታይ ሲለው ተነሳ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ በሙሉ ቆመ።

ሽማግሌው ሙዚቀኛ ብቅ ሲል በካልሲው የቆመ ሕዝብ ጠበቀው። ከአሜሪካ ደቡብ የመጣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ከኪሱ የተቆረጠ የጠርሙስ አንገት አውጥቶ በትንሿ ጣቱ ላይ አጠለቀ።

«ምንድነው ጣቱ ላይ ያደረገው?» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ቀለበት ነው» አለ ጋሽ ታፈሰ። «ማዕረግ ያለው ሰው ነው።»

«አረንጓዴ ቀለበት?»

ጋሽ ታፈሰ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ያዘ። እኔም ያን ጊዜ የቋሊማው ድስት ክዳን ተከፍቶ ስለነበር በሳል ተጠምጄ ነበር።

ሰውየው ጠርሙሱን ክሩ ላይ አሳርፎ ጎተተው። እትዬ አሰገደች ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። ከብዙ ጊዜ በኋላ «በገና ነው» አሉ ቀስ ብለው። ጋሽ ታፈሰ በዚህን ጊዜ የኮራውን ኩራት ጃንሆይ ራሳቸው ኮርተውት አያውቁም። እኔም ተነፈስኩ።

መተንፈስ አልነበረብኝም። ሰውየው እግሩን ወለሉ ላይ ይመታ ጀመር። ዜማው ፈጠነ። የቆመ ሕዝብ ደግሞ ከተቀመጠ ሕዝብ ይልቅ ለጥፋት የቀረበ ነው፤ ስዊሶቹ ማጨብጨብና ወለሉን መደብደብ ያዙ። ካልሲ ስለሆነ ድምፁ ድብ ድብ ይላል። ሙዚቀኛው ግራ ገብቶት ጎንበስ ብሎ እግራቸውን አየ። ሳቀ፤ መጫወቱን ሳያቋርጥ በአንዱ እግሩ የሌላውን ጫማ ገፍቶ አወለቀ።

እትዬ አሰገደች ዓይናቸውን ገለጡ። «ጴንጤ ቤት ነው ያመጣችሁኝ?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር።

«ማሕሌት ነው እመቤቴ» አለ ጋሽ ታፈሰ።

«በሁዳዴ ከበሮ አይመታም።»

«ከበሮ የታለ? እግር ነው።»

ይሄን ብሎ ዝም ቢል ምን አለበት? ሽማግሌዬ፣ ክብሬን ይጠብቃል ያልኩት ሰው፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርዱ መሰለኝ። ብርድ ግን ምት አይጠብቅም። እስክስታ ነው። ትከሻውን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እኔ አይደለሁም» አለኝ ከልቡ። አንዱን ትከሻ ስይዝ ሌላው ይሄዳል። በአንድ እጄ ሽማግሌ ይዤ፣ በሌላው ኮቴን ዘርግቼ፣ እየሳልኩ፣ አውራ ጣቴ ብርድ ላይ ወጥቶ፣ የሺ ከእጄ ስትሄድ እየታየኝ ቆምኩ።

ከዚያ ዜማው ዝግ አለ። ሰውየው አንዲት ሐረግ ዘመረና ሕዝቡ እንዲመልስለት እጁን ዘረጋ። ስዊሶች ጫማ ያወልቃሉ፣ ይቆማሉ፣ ሰው ፊት ግን ብቻቸውን አይዘፍኑም። ማንም አልመለሰም። እሱም ክሩን በቀስታ እየነካካ ጠበቀ።

በኛ አገር ክር የሚመታ ሰው እየነካካ ዝም ካለ ግጥም ስጡኝ ማለቱ ነው። አድማጩ ግጥም ይሰጣል፣ እሱ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ይሄን የማያውቅ አበሻ የለም። እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ግን ሊወጡ መሰለኝ። አልወጡም። ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደው ድምፃቸውን ሳያነሱ ሰጡት፦

«ተራራው ዝም አለ ሐይቁም ዝም ብሏል፣
ልጄን ጠይቁልኝ የት አድሮ የት ውሏል።»

ሰውየው ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰማቸው። ቃሉን ከየት ያውቀዋል? ጠርሙሱን ክሩ ላይ አሳርፎ መጨረሻውን ብቻ፣ «የት አድሮ የት ውሏል»ን፣ እሳቸው እንዳሉት አድርጎ አወጣው። ቃሉ ከክሩ ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት። እትዬ አሰገደች ደገሙለት። እሱም ደገመ። ሦስተኛውን ሲሉ ድምፃቸው መሀል ላይ ቆመ፤ የቀረውን ጊታሩ ጨረሰላቸው።

ጋሽ ታፈሰ በመሐረብ ዓይኑን ይዞ ነበር። ትከሻው አሁን የሚንቀጠቀጠው በሌላ ምክንያት ነው። እኔም ኮቴን ለቅቄዋለሁ፣ ቢራውም ቋሊማውም ገሃድ ወጥቷል። አለቀስኩ። ያልደረስኩበትን ለቅሶ ሁሉ ሳይሆን አይቀርም ያለቀስኩት።

እረፍት ሲሆን እትዬ አሰገደች ቀጥ ብለው ወደ ሰውየው ሄዱ። በአማርኛ መረቁት፣ እሱም በእንግሊዝኛ መለሰ፣ ሁለቱም የገባቸው ይመስላል። ጣቱን ያዝ አድርገው ጠርሙሱን ካገላበጡ በኋላ ወደኛ ተመለሱ።

«ቀለበት አላችሁኝ። የአረቄ ጠርሙስ አንገት ነው።»

ጋሽ ታፈሰ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ቢራውንም አይቻለሁ» አሉኝ። «ቋሊማውንም። ኮትህን እንደ ድንኳን ዘርግተህ ወዲያ ወዲህ ስትል ሰው ሁሉ አንተን ነው ያየው። ለመሆኑ ሰውየው መጀመሪያ ላይ የተጫወተው ምን ነበር? እስቲ ዜማውን በለው።»

አፌን ከፈትኩ። ለካ ጆሮዬን ይዤ የመጣሁት እሳቸውን ለመጠበቅ ነበር፤ ሰውየውን አልሰማሁትም። «አላውቀውም እትዬ» አልኩ። በዚያ ቀን ያልዋሸሁት ነገር ይሄ ብቻ ይመስለኛል። የሺ ሄደች አልኩ በልቤ።

እትዬ አሰገደች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በቤተ ክርስቲያን ተቀመጡ።

«የሺን መስጠት የነበረበት ደረጀ ነው» አሉ። ስሙን ከአፋቸው ስሰማ ደነገጥኩ። «ልጄ ለሷ ወንድም ነው፤ ወንድም እያለ አክስት አትሰጥም። እኔ ብሰጣት፣ እሱ የለም ብዬ በገዛ አፌ መመስከሬ ነው። ለዚህ ነው ያን ምስኪን በእርጎ ያሳበብኩበት። አንተንም በአይብ ልመልስህ ነበር የመጣሁት።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ዛሬ ጠየቅሁት። ድምፄን አውጥቼ ጠየቅሁት። መልስ አልመጣም፤ ግን ከልጄ መጥፋት በኋላ አብሮኝ የጠየቀ ሰው ያ ሽማግሌ የመጀመሪያው ነው። ከፋሲካ በኋላ ውሰዳት።»

አመሰግናለሁ ለማለት ጎንበስ ስል፣ «ካልሲህን ግን ስፋው» አሉኝ።

ስንወጣ በሩ ላይ የሆነውን አልተርከውም። ያን ሁሉ ጥቁር የስዊስ ጫማ ማን ከማን ይለያል? ሥርዓት ያለው ሕዝብ በአራት እግሩ ሆኖ ይርመሰመስ ነበር። እኔ አንዱን የራሴን፣ አንዱን የሌላ ሰው አድርጌ ቤቴ ገባሁ። ጋሽ ታፈሰ ሲመጣ ከነበረው በጣም የተሻለ ጫማ አድርጎ ወጣ፤ ስለዚህ ጉዳይ ሊያነጋግረኝ እስከ ዛሬ ፈቃደኛ አይደለም።

እትዬ አሰገደች ከቢራው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የሰውየውን ካሴት ገዝተው ነበር፤ ለሠርጋችን ሰጡን፣ ከነሕጉ። በገና ስለሆነ ከሁዳዴ ውጪ አይሰማም። በቃ። ስዊስ ጓደኞቼ በበጋ ሲጠይቁኝ «ጾም አይደለም» እላቸዋለሁ፣ እንደ እብድ ያዩኛል። በፋሲካ ጠዋት ከጄኔቭ ስልክ ይደወላል፤ እንኳን አደረሳችሁ ከማለታቸው በፊት «ካሴቱን አነሳችሁት?» ነው የሚሉት።

ሁዳዴ በገባ ቁጥር ግን እሳቸው እኛ ዘንድ ይመጣሉ፣ ጋሽ ታፈሰም ከረገንስዶርፍ ይመጣል፣ ካሴቱም ይወጣል። እኔ ያን መጀመሪያ ያልሰማሁትን ዜማ በየዓመቱ እፈልገዋለሁ። ካሴቱ ላይ የለም። እትዬን ስጠይቃቸው «ያኔ መስማት ነበር» ይሉኛል። ሁለተኛው ገጽ ሲያልቅ ቴፑ ጠቅ ብሎ ይቆማል። ያኔ እሳቸው ከወንበራቸው ሆነው፣ ለማንም ሳይሆን፣ «የት አድሮ የት ውሏል» ይላሉ።

ከዚያ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ጋሽ ታፈሰ ነው። ዓይኑን ይጠርግና፣ «በገና ነው ብዬ አልነበረም?» ይላል።